በብስክሌት ጉዞ ላይ የተቀደደ ድንኳን እንዴት ይጠገናል?

የድንኳን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የሚከፋው በተቀደደበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው። ጣት የማታስገባ ስንጥቅ፣ ጨርቁ እንደተወጠረ ከቆየ፣ በአንድ የነፋስ ግፊት ክንድ ልታህል ትችላለች። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመርፌና ከሙጫ አይጀምርም። መጀመሪያ ውጥረቱ ይላላል፣ ቀጥሎ ጨርቁ ይጸዳል፣ መጣፊያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየመንገዱ ተልጦ የሚታይ መጣፊያ አብዛኛውን ጊዜ የተላጠው ሙጫው መጥፎ ስለነበረ ሳይሆን ይህ ቅደም ተከተል ስለተዘለለ ነው።

በብስክሌት የሚጓዝ ሰው ትርፍ ድንኳን አይሸከምም፣ የልብስ ስፌት መኪናም በአቅራቢያው አያገኝም። በሌላ በኩል ግን በእግር የሚጓዘው ብዙ ጊዜ የማይይዘውን መሣሪያ ይዟል፦ የጎማ መጣፊያ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ፒንሳ ያለው መሣሪያ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ አሮጌ የውስጥ ጎማ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለድንኳን ያገለግላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን እንደሚያገለግሉ እየመሰሉ ያታልላሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ በየቦታው እናየዋለን።

መጀመሪያ ውጥረቱን አላሉ

ቀዳዳውን እንዳያችሁ ለቀዳዳው ቅርብ የሆኑትን ማወጠሪያ ገመዶች ፍቱ፤ በዚያ በኩል ያሉትን ካስማዎችም ንቀሉ። ነፋስ ካለ ድንኳኑን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ይሻላል። ጨርቁን የቀደደው የተሰበረ ዘንግ ከሆነ ዘንጉን ቀድማችሁ አውጡት፤ የተሰነጠቀው ጫፉ እንደ ተሰካ ከቆየ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ከዚያ ቀዳዳውን በደንብ ተመልከቱት። አብዛኛው የዘመኑ የድንኳን ጨርቅ በየጥቂት ሚሊሜትሩ ወፈር ያለ ክር በአግድምና በቁም የተሸመነበት ነው፤ ጨርቁን ወደ ብርሃን ስታነሡት ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። እነዚህ ወፍራም ክሮች ቀዳዳ እንዳይስፋፋ ይገታሉ። ስንጥቁ ከእነርሱ አንዱ ጋ ደርሶ ከቆመ ጊዜ አላችሁ። ብዙዎቹን በጥሶ ካለፈ ግን ጨርቁ የመጨረሻ መከላከያውን አጥቷልና እስኪጠገን ድረስ በጭራሽ አትወጥሩት።

ቀዳዳውን ለጊዜው ለመያዝ መርፌ ቁልፍ አትጠቀሙ። እያንዳንዱ መርፌ ቁልፍ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል፤ ነፋስ ሲመጣም ስንጥቁ ከእነዚያ ነጥቦች ይቀጥላል። የልብስ መቆንጠጫ ወይም አጭር ፕላስተር ይበቃል።

ሌሊት ላይ፣ በዝናብ ውስጥ ከሆነ

ዝናብ እየዘነበ ቋሚ ጥገና አይሠራም፤ አትሞክሩት። እርጥብ ጨርቅ ላይ የሚይዝ ማጣበቂያ የለም ማለት ይቻላል፤ በጥድፊያ የለጠፋችሁት ሁሉ ደግሞ ጠዋት ላይ የሚፋቅ ቆሻሻ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያለው ምርጫ ከውስጥ መሥራት ነው። የውስጠኛውን ፊት በደረቅ ልብስ ጠርጋችሁ ሁለቱን ጠርዞች አገናኙና በላዩ ሰፊ ፕላስተር ለጥፉ። ከውጭ ደግሞ የዝናብ ካፖርት ወይም ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት አልብሱት፤ ከውስጥ ጎማ በቆረጣችሁት ረጅም ጥብጣብ ከዘንጉ ጋር እሰሩት። ጎማ ስለሚለጠጥ ነፋስ ሲመታው አብሮ ይሳባል እንጂ ጨርቁን አይጎትትም። የመኝታ ከረጢቱን ወደ ሌላው ጥግ አሽሹና ቀሪውን ለጠዋት አቆዩት።

ጨርቁን ለዩት

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የድንኳን ጨርቅ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን እንጂ ማጣበቂያው የሚነካው ክሩን ሳይሆን ውሃ እንዳያሳልፍ የተቀባውን ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን በአብዛኛው ፖሊዩሬቴን ወይም ሲሊኮን ይሆናል። ሲሊኮን ላይ ከሲሊኮን በቀር ምንም ነገር በደንብ አይጣበቅም። የትኛውም ጠንካራ ፕላስተር ሲለጠፍ የያዘ መስሎ በሁለተኛው ቀን ጫፉ ይነሣል።

መለያው ቀላል ነው። ዝናብ የሚከለክለውን የድንኳኑን የላይኛውን ጨርቅ ገልብጣችሁ ስፌቶቹን እዩ። ስፌቱ ላይ ከፋብሪካው የተለጠፈ ግልጽ ጥብጣብ ካለ ያ ፊት ፖሊዩሬቴን ነው፤ ጥብጣቡ ሲሊኮን ላይ አይይዝምና። በሁለቱም በኩል ጥብጣብ ከሌለና ጨርቁ በጣት ስታሹት የሚያዳልጥ ከሆነ በሁለቱም ፊት ሲሊኮን የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከውጭ ሲሊኮን፣ ከውስጥ ፖሊዩሬቴን የሆነም ብዙ አለ፤ ለዚህኛው ዋናው መጣፊያ ከውስጥ ይለጠፋል። ጥርጣሬ ካላችሁ ቁራጭ ፕላስተር በማይታይ ጥግ ለጥፋችሁ ሳቡት፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከተነሣ መልሱን አገኛችሁ።

ማጽዳትና ማድረቅ

ከቤት ውጭ ያደረ ድንኳን ንጹሕ መስሎ ቢታይም አቧራ፣ የላብ ቅባት፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ይኖርበታል፤ ከብስክሌት ጋር ከተጓዘ ደግሞ የሰንሰለት ዘይት አይታጣበትም። ከቀዳዳው ዙሪያ ቢያንስ አምስት ሴንቲሜትር ያህል በንጹሕ ውሃና በጨርቅ ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ከመጀመሪያ ሕክምና ሳጥናችሁ በሚወጣው የአልኮል መጥረጊያ ድገሙት። ለእጅ ማጽጃ የሚሆነው ዝልግልግ አልኮል እዚህ ላይ አይመከርም፤ እጅ እንዳይደርቅ የተጨመረበት ነገር ጨርቁ ላይ ቀርቶ ማጣበቂያውን ያዳክማል። ቤንዚን፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና የሰንሰለት ማጽጃ ፈሳሽም አይሆኑም። ሽፋኑን ሊጎዱ ወይም ቅባት ሊተዉ ይችላሉ።

የብርጭቆ ወረቀቱንስ? ለውስጥ ጎማ የግድ ነው፣ ለድንኳን ግን አትንኩት። ውሃ የሚከለክለው ሽፋን እጅግ ስስ ስለሆነ በጥቂት ፍተጋ ይነሣል።

መጣፊያውን መቁረጥና መለጠፍ

የድንኳን መጠገኛ ተብሎ የሚሸጠው ግልጽ ወይም ባለ ቀለም ፕላስተር ካላችሁ ፖሊዩሬቴን ለተቀባ ጨርቅ ከእርሱ የሚሻል የመንገድ መፍትሔ አላውቅም። ለሲሊኮን የተሠራው ለብቻው ነው፤ ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ከድንኳናችሁ ጋር የሚስማማውን መያዝ አለባችሁ። ፕላስተሩ ከሌለ ጨርቅና ማሸጊያ ሙጫ ያስፈልጋል። ጨርቁን ከየት እናምጣ ለሚል፣ ድንኳኑ የሚታጠፍበት ከረጢት ብዙ ጊዜ ከራሱ ከድንኳኑ ጨርቅ ወይም ከሚመስለው የተሠራ ነው። ከከረጢቱ አፍ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቢቆረጥ ከረጢቱ አያለቅስም፤ ድንኳኑ ግን ይድናል።

መጣፊያው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ያህል እንዲያልፍ አድርጋችሁ ለኩ። አራት ሴንቲሜትር ለሆነ ስንጥቅ ርዝመቱ ዘጠኝ፣ ስፋቱ አምስት ሴንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ማዕዘኖቹን አክቡ። ሹል ማዕዘን ድንኳን ሲታጠፍና ሲጎተት መጀመሪያ የሚነሣው ነው፤ ክብ ጠርዝ ግን የሚያዝበት የለውም። የድንኳኑን ጨርቅ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፉ። በጉዞ ላይ ጥሩ ጠረጴዛ የሚሆነው የተገለበጠ ድስት ወይም የማብሰያ ክዳን ነው።

አሁን ሁለቱን የስንጥቅ ጠርዞች አገናኙ። ይህን በጥንቃቄ ሥሩት፤ ጠርዞቹ መነካካት አለባቸው እንጂ መደራረብ የለባቸውም። ቢደራረቡ ጨርቁ በዚያ ቦታ ያጥርና ድንኳኑ ሲወጠር ጫናው ሁሉ መጣፊያው ላይ ያርፋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ በተቃራኒው ፊት ሁለት ሦስት ጠባብ የፕላስተር ቁራጮች በስንጥቁ ላይ አሻግሩ፤ እጃችሁ ነጻ ይሆናል። የተበተኑ ክሮችን በመቀስ ከርክሙ፣ አትጎትቷቸው። በእሳት ማቅለጥ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። ናይለን ሲቀልጥ ይሸሻል፣ ደርቆም ሹል ጠርዝ ይሆናል።

የፕላስተሩን ጀርባ ወረቀት ሙሉ በሙሉ አትላጡት። ከአንድ ጫፍ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ላጡና ያንን አስይዙ፤ ከዚያ ወረቀቱን በአንድ እጅ እየሳባችሁ በሌላው አውራ ጣት ከመካከል ወደ ጠርዝ እየገፋችሁ አስተኙት። አየር ከታሰረ አሁኑኑ ወደ ጠርዙ ግፉት። ሲያልቅ በማንኪያ ጀርባ በኃይል አሹት፤ እንዲህ ዓይነቱ ማጣበቂያ የሚነቃው በግፊት ነውና እስኪደክማችሁ ድረስ ብታሹት አይበዛበትም። ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ በሌላውም ፊት ሁለተኛ መጣፊያ ለጥፉ፤ የሁለቱ ጠርዝ በአንድ መስመር እንዳይገጥም አንዱን በጥቂት ሚሊሜትር አስፉት።

ብርድ ከሆነ ማጣበቂያው ይደነድናል። መጣፊያውን ከመለጠፋችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ከሸሚዛችሁ ሥር አቆዩት። ከለጠፋችሁ በኋላ ደግሞ ሙቅ ውሃ የተሞላ የብረት ኮዳ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡ፤ ሙቀቱና ክብደቱ አንድ ላይ ይሠራሉ። የፈላ ውሃ አያስፈልግም፣ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል። መጣፊያው ወዲያውኑ ያገለግላል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ጥገናውን ለማረፊያ ቀን ማዋል ከተቻለ እጅግ ጥሩ፤ ካልተቻለ የመጀመሪያውን ምሽት በዚያ በኩል ላላ አድርጋችሁ ትከሉት።

በሙጫ የምትሠሩ ከሆነ ለፖሊዩሬቴን የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ፣ ለሲሊኮን የሲሊኮን ማሸጊያ ተጠቀሙ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጨርቁን አልብሱ፣ ጠርዙን በስስ መስመር ዝጉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳትነካኩ ተዉት። ሳይደርቅ የታጠፈ ድንኳን እርስ በርሱ ተጣብቆ ጠዋት ላይ ሌላ ቀዳዳ ይሰጣችኋል።

የጎማ ማስቲሽስ? የተሠራው ጎማን ከጎማ ጋር ለማዋሐድ ነው። ናይለን ላይ ለጥቂት ቀናት ሊይዝ ይችላል፣ ሲሊኮን ላይ ግን ከንቱ ነው። ያለ ማስቲሽ የሚለጠፉት ትናንሽ የጎማ መጣፊያዎች ይሻላሉ፤ ለመርፌ ቀዳዳና ከእሳት ፍንጣሪ ለሚመጣ ነጠብጣብ ጥሩ ጊዜያዊ መፍትሔ ናቸው። ወፍራሙ የጨርቅ ፕላስተርም ለአንድ ሌሊት ያደርሳችኋል። ፀሐይ ሲመታው ግን ሙጫው ይቀልጥና የሚያጣብቅ ቅሪት ይተዋል፤ ያንን ማንሣት ቀዳዳውን ከመጠገን ይበልጥ አድካሚ ነው። ስለዚህ ቶሎ አንሡት።

መርፌና ክር መቼ ይገባሉ?

አጭር ስንጥቅ ከሆነ መስፋት አያስፈልግም፤ መርፌ ጨርቁን ይበሳዋል። ስንጥቁ ከጣት ርዝመት ካለፈ፣ የማዕዘን ቅርጽ ከያዘ ወይም ጫና በሚበዛበት ቦታ ከሆነ ግን ይሰፋል፣ ከዚያም መጣፊያ ይለብሳል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን። የጥጥ ክር እርጥበት ሲደጋገምበት ይበሰብሳል። ክር ከሌላችሁ የጥርስ ማጽጃ ክር ጠንካራና ሰም የተቀባ ስለሆነ በደንብ ይተካል።

ስፌቱን ከስንጥቁ ጫፍ አምስት ሚሊሜትር ያህል አልፋችሁ፣ ካልተቀደደው ጨርቅ ጀምሩ። ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲሜትር ግቡ፣ በየስፌቱ መካከል ሦስት ሚሊሜትር ያህል ተዉ። ይበልጥ ማቀራረብ የሚያጠነክር ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ጨርቁ በተደረደሩ ቀዳዳዎች ላይ በአንድ መስመር እንዲበጠስ መንገድ መክፈት ነው። ክሩን ጨርቁ እስኪገናኝ ብቻ ሳቡ፤ ከተጨማደደ አጥብቃችኋል።

ማወጠሪያው ከነሥሩ ሲገነጠል

ይህ የነፋስ ሌሊት ጉዳት ነው፤ ገመዱ የሚታሰርበት ቀለበት ከጨርቁ ተገንጥሎ ይወጣል። በመርፌ ከመታገል በፊት አንዲት የወይራ ፍሬ የምታህል ለስላሳ ክብ ጠጠር ፈልጉ። ከተገነጠለው ቦታ አጠገብ፣ ጤነኛው ጨርቅ ላይ፣ ጠጠሯን ከውስጥ በኩል አስቀምጡና ጨርቁን በዙሪያዋ ሰብስቡ። ከውጭ በኩል በጠጠሯ አንገት ላይ ገመዱን ሁለት ጊዜ ጠምጥማችሁ እሰሩ። ጠጠሯ አዲሱ ማሰሪያ ትሆናለች፤ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ይበልጥ ያጠብቃል እንጂ አይሾልክም። ሹል ጠጠር ጨርቁን ስለሚበላው፣ ለስላሳ ካጣችሁ ካልሲ ጫፍ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ወይም የጠርሙስ ክዳን ይተካል። ምንም ስፌት ሳይነካ ለብዙ ሌሊት የሚያገለግል መላ ነው፤ በዚህ መመሪያ ካሉት ሁሉ አንዱን ብቻ አስታውሱ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ወለል፣ መረብ፣ ዚፕ

ወለል ከላይኛው ጨርቅ የሚለየው በግፊት ነው። ዝናብ ጨርቁን ነክቶ ይወርዳል፤ ጉልበታችሁ ግን ከሥር ያለውን ውሃ በቀዳዳው በኩል ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ የወለል መጣፊያ ምንጊዜም በሁለቱም ፊት ይሁን፤ ከሥርም እሾህ ወይም ጠጠር አለመኖሩን በመዳፍ ዳስሱ።

ለወባ መከላከያ መረቡ ሁለት የፕላስተር ቁራጭ ከሁለት ወገን ግጠሙ፤ በመረቡ ዓይኖች በኩል እርስ በርስ ስለሚጣበቁ ይይዛሉ። ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ ትርፍ መረብ ዙሪያውን በላላ ስፌት ይሰፋል።

ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ የተበላሸው ጥርሱ ሳይሆን የሚንሸራተተው የዚፑ ራስ ሰፍቶ ነው። መጀመሪያ በውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አሸዋውን አስወግዱ። ከዚያ የዚፑን ራስ ወደ መነሻው መልሳችሁ በፒንሳ የኋላ ጠርዞቹን፣ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን፣ በጣም በቀስታ ጨመቅ አድርጉ፤ በየጭምቁ ሞክሩት። ብረቱ ስስ ስለሆነ ከተሰነጠቀ አይመለስም። የሰንሰለት ዘይት ዚፕ ላይ አታድርጉ፤ አሸዋ ይሰበስባል።

ዘንግ ከተሰበረ ለስብራቱ ሰፋ ያለ አጭር የብረት ቱቦ አልብሳችሁ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ያዙ። ቱቦ ከሌለ ካስማ ከስብራቱ ጎን አስተኝታችሁ በውስጥ ጎማ ጥብጣብ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ፤ ሹል ጫፎቹ ጨርቁን እንዳይነኩ በፕላስተር ሸፍኗቸው።

ፍተሻ

መጣፊያው ላይ በኮዳ ውሃ አፍስሱ፣ ከውስጥ በወረቀት ነክታችሁ እዩ። ሲመሽ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ከውጭ ዙሩት፤ በቀን የማትታይ የመርፌ ቀዳዳ ኮከብ መስላ ትበራለች። የተጠረጠረውን ሁሉ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ጠዋት ጠግኑ። በፍተሻው ወቅት ጨርቁን ከጤነኛ ቦታ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ወጥሩት። ያለ ተቃውሞ የሚተረተር ከሆነ ፀሐይ በልታዋለች፤ እዚያ ላይ መጣፊያ መደራረብ ድካም ነውና ጉዞውን የሚያደርስ ጊዜያዊ ነገር ብቻ ሥሩለት።

ከብስክሌቱ ጋር ያለው ጣጣ

ብዙው ቀዳዳ የሚመጣው ድንኳኑ ተተክሎ ሳለ ሳይሆን ተጭኖ ሲሄድ ነው። ባዶ የኋላ መጫኛ ላይ በላስቲክ የታሰረ ድንኳን በንዝረቱ ቀኑን ሙሉ ከብረቱ ጋር ይፋተጋል፤ ማታ ሲዘረጋ በየእጥፉ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ተሰልፎ ከተገኘ ምንጩ ይኸው ነው። የመጫኛውን ብረት በአሮጌ የውስጥ ጎማ ጠቅልሉት። ካስማና ዘንግ ከጨርቁ ጋር በአንድ ከረጢት አይግቡ። የማሰሪያው ላስቲክ መንጠቆ ጨርቁን አይንካው፣ ተንጠልጥሎም ወደ ጎማው አይውረድ። ማታ ብስክሌቱን ከድንኳኑ አስጠግታችሁ አታቁሙት፤ ነፋስ ሲጥለው ፔዳሉና የፍሬን እጀታው ቀጥታ ጨርቁ ላይ ነው የሚያርፉት። ምግብም ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ አይጥ ለቁራሽ ዳቦ ስትል ወለሉን ትበሳዋለች።

መጣፊያው በተለጠፈ ማግስት ድንኳኑን ስታሽጉ እጥፉ በመጣፊያው መካከል እንዳያልፍ አድርጉ። ጨርቁን በተለመደው መስመር ከማጠፍ ይልቅ እየጠቀጠቃችሁ ወደ ከረጢቱ አስገቡት፤ መጣፊያውን ከመጨረሻ፣ ከላይ በኩል አስቀምጡት። ቀትር ላይ ለምሳ ስትቆሙ አውጥታችሁ ጠርዙን በጣት ዳስሱ። የተነሣ ጫፍ ካለ ጨርቁ በፀሐይ ሞቆ ሳለ መልሳችሁ ተጫኑት።